ፀሐይ አከራዩ ጋርዶ

ቡራዩ
መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኤቢሴዬ፣

ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር ጠፍቶብኝ ትናንት ወረቀት ሳበላሽ ዋልኩ። ትምህርት ቤት ያስጠኑን «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር» የሚለው መጣልኝና ሳቄ አመለጠኝ። አንድ ዶርም የኖረ፣ በአንድ ካልሲ ተራ በተራ የወጣ ሰው እንደዚህ አይባባልም። በአጭሩ ልጠይቅሽ፦ አለሽ? ምግቡ ይበላል? ጸጉርሽንስ ነኩብሽ?

ያንቺን ደብዳቤ የሰንዳፋ መስመር ሹፌሩ ለወንዲ ሰጠው፤ ወንዲ ከቡራዩ መርካቶ የሚጭነው ደንበኛችን ነው። እሱ ደግሞ ታክሲውን ሳያቆም በመስኮት ወረወረልኝ። ፖሊስ ማሠልጠኛው ሲያስገባችሁ ስልካችሁን በር ላይ እንደሰበሰበባችሁ ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ አዘንኩልሽ፣ ከዚያ ቀናሁብሽ። የኔ ስልክ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ወዲህ ራሱን በራሱ ይነካል። ባለፈው ማንም ሳይነካው ለአክስቴ ደወለና «ሚንሃ ምን ሆነች?» ብላ ሰፈሩን አስጨነቀች። ፓወር ባንኬ ሆዱ ተነፍቶ የስምንት ወር እርጉዝ መስሏል። ላፕቶፔ ባትሪው ሞቷል፤ ሶኬት ላይ ካልሰካሁት ሬሳ ነው። ስትመረቂ የምትሸለሚው ዕቃ ሁሉ ሥራ እስክታገኚ እንኳ አይቆይም።

«ዲግሪሽን ምን አደረግሽው?» ላልሽኝ፣ አባዬ በመስታወት አስገብቶ ሱቁ ውስጥ ከቻርጀሮቹ በላይ ሰቅሎታል። ኢርፎን ሊገዛ የመጣ ሁሉ ኮምፒውተር ሳይንስ መመረቄን ያነባል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ እኔን ያያል፤ ፍላሽና ሚሞሪ እየተቀበልኩ ፊልም ስጭን። ሰው የሚያስጭነውን ስታዪ ጠባዩን ታውቂያለሽ። የሥጋ ቤቱ ልጅ፣ ያ ቢላ ሲስል መንገድ የሚያስቀይረው፣ የኮሪያ የፍቅር ድራማ ነው የሚወስደው፤ «ለእህቴ ነው» ይላል፤ እህት የለውም። አንዲት እናት ደግሞ በየሳምንቱ እየመጡ «ልጄ፣ ሰው የማይሞትበት አለ?» ይሉኛል። ፈልጌ ፈልጌ የዓሣ ፊልም ሰጠኋቸው። እዚያም አንድ ዓሣ ሞተ ብለው ተቆጡኝ።

ከሁሉ የሚሄደው ግን ዘንዶና አስማት ያለበት ነው። ሁሉም በረዶ አገር ነው፣ ሁሉም ቤተ መንግሥቱ ድንጋይ ነው። አንድ ቀን ስጭን ቆይቼ «ለምንድነው ዘንዶ ሱሉልታ የማይኖረው?» ብዬ አሰብኩ። ብርዱን አንቺ ተወልደሽበታል፤ እሳት የሚተፋ ነገር ከዚያ የበለጠ የት ያስፈልጋል?

እና ልቦለድ ጀመርኩ። አትሳቂ። ወይም ሳቂና ጨርሺ።

ሦስት ትንንሽ አገሮች አንዲት ትልቅ ከተማ ከበው ይኖራሉ። ውኃው ከነሱ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ከነሱ ይሄዳል፣ ወተቱም ከነሱ ይሄዳል። ከከተማዋ ወደ እነሱ የሚመጣ ቢኖር ለመተኛት ብቻ የሚመለስ ሰው ነው። ዙሪያሽ የምትባል ልጅ አለች። ዘንዶ አለ፤ እሱን ገና ብቅ አላደረግኩትም፤ ምክንያቱም ከዋሻው ሊወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀረው መብራት ጠፋ።

ጋሽ ሀሰኖን ታስታውሻለሽ? ለምርቃቴ መጥተሽ ስንጨፍር መብራት ያጠፉብን አከራያችን። ቤቱም ሱቁም የሳቸው ነው። ለግቢው በሙሉ ያለው አንድ ቆጣሪ፣ ማጥፊያው ደግሞ የሳቸው መኝታ ቤት ራስጌ ላይ። ዛሬም እንደዚያው ናቸው። ጉሮሮአቸውን ይጠርጋሉ፣ የቁልፍ ዘለላቸውን ያንኮሻኩሻሉ፣ «መሸ እኮ ልጆች!» ይላሉ፣ ከዚያ ቀጭ። ይህን የሚያደርጉት ጠራራ ፀሐይ ላይ ቢሆን እንኳ ነው። ሴቭ አላደረግኩም ነበር። ዘንዶው ሄደ፣ ዋሻው ሄደ፣ ዙሪያሽም ሄደች።

እንደገና ስጽፈው ግን ዘንዶው አልመጣም። በሱ ፈንታ ጋርዶ መጣ። ጋርዶ ፀሐይን ትራሱ ሥር ቆልፎ በማንኪያ እየለካ የሚያከራይ ጭራቅ ነው። ምዕራፍ አንድን አያይዤልሻለሁ። ከጭራቁ በስተቀር ሁሉም ፈጠራ ነው።

ያንቺው ሚንሃ

ሰንዳፋ
ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሚንሃ ኮ፣

አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ፈያዳ፣ ምንም አልል። ደብዳቤው ስለዘገየ ይቅርታ፤ እዚህ ጊዜ የሚሰጡሽ ጫማ ስትቦርሺ ብቻ ነው። ይህንንም የምጽፈው በአንድ እጄ ብሩሽ ይዤ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ካየሽ ቀለም ነው፣ እንባ እንዳይመስልሽ።

አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳነብ ሳቅ አመለጠኝና ከላይ ያለችው ልጅ «ምንድነው?» አለች። አነበብኩላት። ከዚያ ለጎረቤቷ አነበብኩ። አሁን ምዕራፍ ሁለት ካልመጣ ጫማዬን ይደብቁብኛል። አንዷ «ዙሪያሽ ለምን ፈረስ የላትም?» ትላለች። ሌላዋ «ዘንዶውን ጸሐፊዋ ምን ቅር ብሏት ነው የተወችው?» ትላለች። ሁሉም የጠየቁኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ «እውነተኛ ታሪክ ነው?» እህቶቼ፣ ፀሐይ በማንኪያ የሚለካበት እኮ ነው ስላቸው «እሱን ተይው፣ ሰውዬውን ማለታችን ነው» አሉኝ።

ሲቪል ኢንጂነር ሆኜ ፖሊስነት ምን እንደሚመስል ጠይቀሽኛል። ድልድይ ልሠራ ተምሬ ድልድይ እጠብቃለሁ፤ ከድልድዩ አልራቅኩም። ሩጫው እንዴት ነው ላልሽው በሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

አንድ ምክር። ለአባትሽ እየጻፍሽ መሆኑን ንገሪያቸው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ።

ነጋቲ፣
ኤቢሴ

ቡራዩ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኤቢሴዬ፣

ምክርሽ ደረሰኝ። ዘገየ እንጂ ጥሩ ምክር ነበር።

አዎ፣ ሹፌሩ ያወራልሽ እውነት ነው፤ ታክሲ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የኔ ነው። ድምፅ መቅረጽ የሚባል ነገር አስቤ አልነበረም። መብራቱ ሲጠፋ ላፕቶፑ ይሞታል፣ ስልኩ ግን ትንሽ ይቆያል። ስለዚህ ቀጭ ሲል የስልኬን መቅጃ ከፍቼ ምዕራፉን ካቆምኩበት በአፌ እቀጥላለሁ፤ ሲበራ ቁጭ ብዬ እገለብጠዋለሁ። እየቆየ ሳየው በአፌ የሄደው በጣቴ ከሄደው ይበልጣል። ስጽፍ «እጅግ» እና «ይሁን እንጂ» እያልኩ እንደ ጋዜጣ እሆናለሁ። ሳወራ ግን ጋርዶ ይነሳል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እኔ ራሴ እፈራዋለሁ።

ስህተቱ እንዲህ ነው። ቅጂዎቹን ላፕቶፑ ላይ የት እንዳስቀመጥኳቸው ሳላይ «አዲስ ዘፈን» የሚለው ፎልደር ውስጥ ከትቻቸው ኖሯል። ወንዲ ፍላሹን ሰጥቶኝ «አዲስ የገባ ሁሉ ይጫንልኝ» አለ፣ ፎልደሩን ከነነፍሱ ጫንኩለት። በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ክላክስ እያደረገ መጣ።

«አንቺ! ዘፈኑ መሐል አንዲት ሴትዮ ታወራለች!»

«ይቅርታ ወንዲዬ፣ አምጣው ላጥፋልህ።»

«ምን ታጠፊያለሽ? ቀጣዩን ስጪኝ እንጂ! ትናንት መርካቶ ደርሰን አንድ ሰው አልወርድም አለኝ። ረዳቱ ‹መጨረሻ ነው!› ይላል፣ እነሱ ‹ዝም በል፣ ፀሐይዋን ልትሰርቃት ነው› ይሉታል።»

ኤቢሴ፣ ማመልከቻ ያላስገባሁበት መሥሪያ ቤት የለም። «እንደውልልሻለን» ያላለኝም የለም። አንድ ቀን እንኳ «ቀጣዩን ስጪኝ» ያለኝ አልነበረም። ሰጠሁት። አሁን በስህተት አይደለም፤ ፎልደሩን «ዙሪያሽ» ብዬ ሰይሜ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ከፊልሙ ጋር እጭናለሁ። የሥጋ ቤቱ ልጅ «ለእህቴ» ብሎ ሁሉንም ወስዷል። እኚያ እናት ደግሞ «ይቺ ልጅ ትሞታለች?» ሲሉኝ «አትሞትም» ብዬ ቃል ገባሁላቸው፤ አሁን ያ ቃል እጄን አስሮኛል።

አባዬ አልሰማም። እሱ ታክሲ ላይ ይተኛል።

ሚንሃ

ቡራዩ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ኤቢሴ፣

ምነው ጠፋሽ ላልሽው ይቅርታ፤ ሥራ በዛብኝ። ሁላችንም ደህና ነን። አባዬ ደህና ነው። እማዬም ሰላም ብላሻለች። ሱቁም ደህና ነው።

ምዕራፍ ስድስት ለምን አልመጣም ላልሽው ፓወር ባንኩ በመጨረሻ ወለደ፤ ማለት ፈነዳ፤ ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ትንሽ አረፍ ብያለሁ። አየሩ ቀዝቅዟል። እናንተም ጋ እንደዚያው ነው መሰለኝ።

ጋሽ ሀሰኖም ደህና ናቸው።

ሚንሃ

ሰንዳፋ
ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሚንሃ፣

«ሱቁም ደህና ነው።» ስንት ዓመት አንድ ክፍል ኖረን ስለ ሱቅ ደህንነት ነግረሽኝ ታውቂያለሽ? «አየሩ ቀዝቅዟል» ትላለች ደግሞ። ዜና አንባቢ ነሽ?

ሹፌሩን ይዤ አስለፈለፍኩት፤ ምርመራ ተምረን የለ። የነገረኝ ይህ ነው፤ የተሳሳተ ካለ አርሚ። ጋሽ ሀሰኖ የወንዲ ታክሲ ጋቢና ተቀምጠው ነበር። ጋርዶ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቁልፉን አንኮሻኮሸ፣ «መሸ እኮ ልጆች!» አለ። ከኋላ ያለው የሰፈራችሁ ሰው ሁሉ አንዴ ጋቢናውን አየና በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ግማሽ መንገድ ላይ ወርደው በእግራቸው ተመለሱ። እቤት እንደደረሱ አባትሽን ጠርተው «ወይ ያ ነገር ከየፍላሹ ይጠፋል፣ ወይ ቤቴንም ሱቄንም ትለቃላችሁ» አሉ። እውነት ነው?

እውነት ከሆነ ለምን ደበቅሽኝ? እኔ ጋ ስታለቅሺ ማን ያይሻል፣ ወረቀት ነው።

በሕግ ያስጠይቃል ወይ ብለሽ በሌላ ሰው አስጠይቀሻል አሉ። እዚያ ምዕራፍ ላይ አልደረስንም፤ እስካሁን የተማርነው ሰልፍ ነው። እንደ ጓደኛ ግን ልንገርሽ። ጭራ ስጪው። ቀንድም ጨምሪለት። «መሸ እኮ»ን አውጪና ሌላ ነገር ይበል። ታሪኩ ይተርፋል፣ ሱቁም ይተርፋል፣ ሰውዬውም ታክሲ ይሳፈራሉ። ጭራ ምን ይጎዳል?

ቶሎ መልሺልኝ።

ኤቢሴ

ቡራዩ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኤቢሴዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ያን የቀዘቀዘ ደብዳቤ ስጽፍ አባዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አንድ ቃል ብጽፍ የሚሰማኝ መሰለኝ።

አንቺስ ግን? ሹፌሩ ለአንድ ወገን ብቻ ወሬ የሚያመላልስ መሰለሽ? እግርሽ በጄሶ ነው አሉ። «ሩጫውን በሌላ ጊዜ» ማለትሽ ይህ ነበር? ተያይተናል፤ እኩል ነን፤ ቀጥዪ።

የነገረሽ ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል። ጋሽ ሀሰኖ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። አባዬን «ከድሩ፣ ሰው አደረግኩህ፣ መሳቂያ አደረግከኝ» አሉት። ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም። አባዬ ቡራዩ ሲመጣ ሰው አልነበረውም። ጋሽ ሀሰኖ ናቸው ቅድሚያ ኪራይ ሳይጠይቁ «ስትሸጥ ትከፍላለህ» ብለው ሱቁን የከፈቱለት። አባዬ ይህን ነገረኝና «ጥፊ አይደለም የምልሽ፤ አጥፊው ነው የምልሽ» አለኝ። የመጀመሪያ ቀን ቁጣ ነበር፣ ሁለተኛው ቀን ልመና ሆነ። አባዬ ሲለምን አይቼ አላውቅም ነበር።

እማዬ ራሷ መጥታ «ልጄ፣ ጽሑፍ ነው፤ ሌላ ትጽፊያለሽ። ሱቅ ግን…» ብላ አልጨረሰችውም።

አሁን ስላንቺ ጭራ ልመልስልሽ። አስቤበታለሁ፤ በእውነት። ስልኬን ይዤ ጋርዶን ባለ ጭራ አድርጌ አወራሁት። ጭራውን ሲወዛውዝ ሕፃናት የሚያስቅ ነገር ሆነ፤ ማንንም አይመስልም። ማንንም የማይመስል ጭራቅ ማንን ያስፈራል? ዙሪያሽስ ምኑን ትታገለዋለች፣ ጭራውን? እኔ ጋርዶን ጋሽ ሀሰኖን ላዋርድ አላመጣሁትም። መብራት ጠፍቶ ሥራው የሞተበት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ፈልጌ ነው። የታክሲው ሰው የሳቀው ለምን ይመስልሻል? ሁሉም ቤት አንድ ማጥፊያ አለ፣ ማጥፊያው ደግሞ ሌላ ሰው ራስጌ ነው። ይህን ካጠፋሁ የማጠፋው ፋይል ብቻ አይደለም፤ ሁሉም የሚያውቀውን እውነት ነው።

አላጠፋም። ለአባዬ ነገርኩት።

ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። እሁድ ይቀመጣሉ። ከነሱ ቃል አልወጣም ብሏል አባዬ፤ ጋሽ ሀሰኖም እንደዚያው። ሽማግሌዎቹ አጥፊ ካሉኝ፣ ኤቢሴ፣ የማደርገውን አላውቅም። አባቴን በሰው ፊት እንቢ ማለት ከሱቅ ይከብዳል።

እግርሽን አንሺው፣ ትራስ ላይ።

ሚንሃ

ቡራዩ
ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኤቢሴዬ፣

«ምን ፈረዱ?» ብቻ ጽፈሽ የላክሽው ወረቀት ደረሰኝ። ሰላምታ እንኳ የለውም። አንቺ ጥሩ ፖሊስ ይወጣሻል።

ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ከመስጊዱ ሀጂ አክመል፣ ከጎረቤት ጡረተኛው ጋሽ ፍቅረሥላሴ፣ እና መሬቱ ሁሉ እርሻ ሳለ ጀምሮ እዚህ የኖሩት ኦቦ እውነቱ። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ። አባዬና ጋሽ ሀሰኖ ጎን ለጎን፤ እኔ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ። መቼም ጭራቅ ለሽማግሌ ሲቀርብ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ጋሽ ሀሰኖ ጀመሩ። «ልጅቷ እኔን ጭራቅ አድርጋ በከተማው አስጮኸችብኝ።» ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ጋሽ ፍቅረሥላሴ ቀና አሉና መልሰው አቀረቀሩ።

ሀጂ አክመል «ያላየነውን አንፈርድም፣ የተባለው ነገር ይሰማ» አሉ። ስፒከሬን አምጥቼ ከፈትኩት። አንድ ምዕራፍ ብቻ ሊሰሙ ነበር። ኤቢሴ፣ ከመጀመሪያው እስካቆምኩበት ሰሙት። መሐል ላይ ጋሽ ፍቅረሥላሴ «ቆይ፣ እሷን መልሺያት» ይላሉ፣ ሀጂ «ለፍርድ ነው የምንሰማው» ብለው ይቆጧቸዋል፣ ከዚያ ራሳቸው «ማንኪያውን የሰረቀችው የቷ ናት?» ይላሉ። ጋሽ ሀሰኖ ብቻ መሬት መሬት አዩ። በዚያች ሰዓት አሳዘኑኝ፤ እውነቴን ነው። አንድ ሰው ራሱን በሌላ ሰው አፍ ያን ያህል ሲሰማ ቀላል አይደለም።

ሲያልቅ ኦቦ እውነቱ ጠየቁኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ጋርዶ ቀንድ አለው?»

«የለውም አባ።»

«ጭራስ?»

«የለውም።»

«ሰው ይበላል?»

«አይበላም።»

«ታዲያ ጭራቅነቱ በምኑ ነው?»

«የሁሉንም ብርሃን ቆልፎ፣ እንደፈለገ ሲያሰኘው ያጠፋዋል።»

ሽማግሌዎቹ ወጡና ተማከሩ። ሲመለሱ የተናገሩት ሀጂ አክመል ናቸው። ቃሉ እንዲህ ነበር፦ ልጅቷ ሰውን ስም ጠርታ አልሰደበችም፤ ነገር ግን ጎረቤት ተከፍቷል፤ ሰላም ከጽሑፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጋርዶ ይውጣ፣ ሌላው ባለበት ይቀጥል። «ይስማማል?» አሉ። ጋሽ ሀሰኖ «ይስማማል» አሉ። አባዬ «ይስማማል» አለ፤ እኔን ሳያይ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ተነሳሁ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እንዲህ አልኩ፦

«እሺ። አጠፋዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ጋሽ ሀሰኖ በሚያምኑበት ይማሉልኝ። ‹ፀሐይን ትራሱ ሥር ቆልፎ ለጎረቤቱ በማንኪያ የሚያከራየው ጋርዶ፣ እኔ ነኝ› ብለው ይማሉ። ከማሉ የሳቸው ነውና አሁኑኑ እዚሁ አጠፋዋለሁ። ካልሆኑ ግን የሰው ንብረት አይደለም፤ የኔ ነው።»

አባዬ «ሚንሃ!» አለ። ኦቦ እውነቱ ግን እጃቸውን አነሱ። «ተዋት። ጥያቄዋ ጥያቄ ነው። ሀሰኖ፣ ይምላሉ?»

ጋሽ ሀሰኖ «እኔን ለማለት ነው እንጂ፣ እኔ እኮ… እኔ እንደዚያ አይደለሁም» አሉ።

«ካልሆኑ» አሉ ኦቦ እውነቱ ቀስ ብለው፣ «ጋርዶ ለምን ይውጣ?»

ማንም አልሳቀም። መሐላ እኮ ነው፤ ለቀልድ የሚነሳ አፍ የለም። ጋሽ ሀሰኖ ተነሡና «ታሪኩ የሷ ነው። ቤቱ ግን የኔ ነው። ይልቀቁልኝ» ብለው ገቡ። ባለቤትን ደግሞ ቤትህን አከራይ ብሎ ሽማግሌ አያስገድድም። ቤት ፈልገን እስክናገኝ ጊዜ እንዲሰጡን ብቻ ለመኑልን፤ እስከ ጥር አገኘን።

አባዬ እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ በር ላይ ቆመ። የሚለኝን ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

«ያን የመሐላ ነገር ቀድመሽ አስበሽው ነው ወይስ እዚያው መጣልሽ?» አለኝ።

«እዚያው መጣልኝ።»

«አይ!» አለ። ራሱን ነቀነቀ፣ ሁለት እርምጃ ሄደና ዞረ። «ይሄን አፍ ይዘሽ እኔ ኢርፎን ላይ ከደንበኛ ጋር ስከራከር ዝም ብለሽ ታዪኝ ነበር?»

ይቅር አላለኝም። ግን ራት ላይ እንጀራውን ወደኔ ገፋልኝ።

ሚንሃ

ሰንዳፋ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሚንሃ ኮ፣

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ይማሉልኝ» ጋ ስደርስ ክፍሉ ሁሉ ተነስቶ ቆመ፤ እኔ በአንድ እግሬ ጭምር። አሠልጣኛችን ድምፅ ሰምታ ገባች፣ «ምንድነው ይሄ?» አለች፣ ነገርናት፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ከመጀመሪያው አንብቢው» አለች።

ጭራ ብዬ ስለመከርኩሽ ይቅርታ። እኔ ብሆን ጭራውን እሰጠው ነበር። እንቢ ማለት እኔ በእግሬ ነው የማውቀው፣ አንቺ በአፍሽ። ጄሶው በሚቀጥለው ሳምንት ይፈታል፤ «ወደ ቤትሽ ሄደሽ አገግሚ፣ ለሚቀጥለው ዙር ትመጫለሽ» ብለውኛል። አልሄድም። የወረቀት ሥራ ስጡኝና ከጓደኞቼ ጋር እጨርሳለሁ ብዬ አመልክቻለሁ። ይህን ያልኩት ደብዳቤሽን ባነበብኩ ማግስት ነው፤ ቢያባርሩኝ ያንቺ ጥፋት ነው።

ቤት አገኛችሁ? የት? ይህን አሁን መልሺ፤ «አየሩ ቀዝቅዟል» ብትዪኝ በቁጥጥር ሥር ነው የማውልሽ።

ነጋቲ፣
ኤቢሴ

ሰበታ
ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኤቢሴዬ፣

አድራሻችን እንደምታዪው ነው። ከከተማዋ አንዱ ጎን ተነስተን በሌላው ጎን ገባን፤ መሐሏን ግን በጭነት መኪና ላይ ሆነን ነው ያለፍናት።

የወረቀት ሥራው መፈቀዱን ሰምቼ ሱቁ መሐል ጮኽኩ። «ቡራዩ አይናፍቅሽም?» ላልሽው ይናፍቀኛል። ዕቃ የጫንን ቀን ጋሽ ሀሰኖ ከቤታቸው አልወጡም። አባዬ ግን በራቸውን አንኳኩቶ ገባ፣ ብዙ ቆየ፤ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፣ የትም ምዕራፍ ውስጥ አይገባም።

አዲሱ ሱቅ ከቡራዩው ያንሳል። ደንበኛ ገና የለንም፤ አባዬ ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ይደረድራል፣ ይፈታል፣ ይደረድራል። ከብዶታል። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ተመልሶ ያ እሁድ ቢመጣ ያንኑ እላለሁ። ይህንንም ነገርኩት። «አውቃለሁ፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ» አለኝ።

ቤቱን እንዴት እንዳገኘነው ነው መጻፍ የፈለግኩት። አከራይዋ ወይዘሮ ስንዱ ይባላሉ፤ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ነገር ቶሎ የሚገባቸው ሴት ናቸው። ኪራዩን ተስማማን፣ ውሉ ተጻፈ፣ አባዬ ፈረመ። እስክሪብቶው እሳቸው እጅ ገባ። ሊፈርሙ ሲሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ቆይ እስቲ። ከቡራዩ ነው የመጣችሁት?»

«አዎ።»

«ያቺ በታክሲ የምታወራው ልጅ አንቺ ነሽ?»

አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። በእውነት፣ ጨፈነ። ለሁለተኛ ጊዜ ቤት ልናጣ መሆኑን ሁለታችንም አወቅን። «አይደለሁም» ማለት ይቻል ነበር። ድምፄን ማን ያመሳክራል?

«ነኝ» አልኩ።

ወይዘሮ ስንዱ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እንግዲያው ውሉ ላይ አንድ ቃል ይጨመርልኝ» አሉ። «እኔን እንዳትጽፊኝ።»

አባዬ «ችግር የለም፣ ይጨመራል» ሊል አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

«እሱ እንኳ በእርስዎ እጅ ነው» አልኳቸው።

አባዬን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስተው ፈረሙ።

ሚንሃ